ሁለተኛው መንገድ

የሸለቆው የጤና ማኅበር ለጨፋ ሮቢት ክሊኒኩ ሁለተኛ መስመር ለመዘርጋት የተስማማው የማኅበሩ የኔትወርክ ባለሙያ መሊካ ስምንት ወር ሙሉ ከወተወተች በኋላ ነበር። ማኅበሩን ያቋቋሙት የከሚሴ ነጋዴዎች ናቸው። ዋናው ክሊኒክ ከሚሴ ነው፤ ሐኪሙም፣ የደም ፍሪጁም፣ ያለችው አንዲት አምቡላንስም እዚያ ናቸው። ጨፋ ሮቢት ላይ ያለችው አዋላጇ ጀነት ብቻ ናት፤ ከአንድ የአልትራሳውንድ ማሽንና ጠረጴዛዋ ላይ ከተቀመጠ ስልክ ጋር። ስልኩን ስታነሳ ከሚሴ ይደወላል፤ ማሽኑን ስትከፍት ሐኪሙ ከሚሴ ቁጭ ብሎ ምስሉን ያያል። ይህ ሁሉ ታዲያ የሚሄደው በአንድ የፋይበር ክር ነበር።

«ክሩ የተበጠሰ ቀንስ?» ትላለች መሊካ በየስብሰባው።

«በሞባይል እንደውላለና» ይሏታል።

«ሞባይሉም የሚሄደው በዚያው ክር ነው። ክሩ ሲበጠስ የጨፋ ሮቢት ሞባይልም አብሮ ዝም ይላል።»

ይህን የምትለው በትምህርት ስላወቀችው ብቻ አልነበረም። መንገዱም ስልኩም በተዘጋበት በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ አባቷ ባቲ ላይ ታመው ሞተዋል። እሷ ከሚሴ ሆና መሞታቸውን የሰማችው ከተቀበሩ አርባ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ከአንድ የእህል መኪና ሾፌር አፍ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ነገር ሁሉ ያስፈራት ጀመር።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙሀመድአሚን ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚያስቡ፣ አንዴ ካመኑ ግን የማያመነቱ ሰው። በመጨረሻ «ይሁን ልጄ፣ የሚያስፈልግሽን ጻፊ» አሏት።

ሁለተኛው መስመር በሬዲዮ ነበር። ከሚሴ ክሊኒክ ጣራ ላይ አንድ የዲሽ ሳህን፣ ጨፋ ሮቢት ላይ አንድ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሁለቱንም ከሚያሳየው ኮረብታ ሌላ ሁለት። ሳህኖቹን የሰቀሉት ጋሽ አቡበከር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ የከሚሴን ጣራ ሲረግጡ የኖሩ የዲሽ ሠራተኛ። ኮረብታው ላይ ብሎን እያጠበቁ ጠየቋት።

«እኔ የምልሽ ኢንተሎ፣ ልጄ፣ ክሩ ሲበጠስ በዚህ በኩል ሂድ ብሎ የሚነግረው ማን ነው? አንቺ ተኝተሽ ቢሆንስ?»

«እኔ አላስፈልግም ጋሼ። የከሚሴውና የጨፋ ሮቢቱ ራውተሮች፣ መንገድ መሪ ሳጥኖቹ፣ በየአሥር ሰከንዱ ‹አለሁ› ይባባላሉ፤ በፋይበሩም በሬዲዮውም። በአንደኛው በኩል አርባ ሰከንድ ዝምታ ከሆነ፣ ያ መንገድ ሞቷል ብለው ሁሉንም በሌላው በኩል ያዞሩታል። ራሳቸው ናቸው የሚያደርጉት።»

«ማሻአላህ» አሉ ሽማግሌው። «ከሰው ይሻላሉ በለኛ። ሰው ጎረቤቱ ዝም ሲል ዓመት ይፈጅበታል።»

መስመሩ ያለቀ ዕለት መሊካ ጀነትን በስልኩ አገኘቻትና ወሬ እንዳታቋርጥ ነገረቻት። ጀነት ስለ ቲማቲም ዋጋ እያወራች ሳለ መሊካ የፋይበሩን ኬብል ከራውተሩ ነቀለችው። ድምፅ ጠፋ። መሊካ ዓይኗን ከሰዓቷ ላይ ሳትነቅል ጠበቀች። ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት። አርባ ሲሞላ ጀነት «... እኔማ ከዚህ በኋላ አልገዛም ብያለሁ» ስትል ተሰማች። መቋረጡን እንኳ አላወቀችም ነበር፤ ስለ አርባው ሰከንድ ኋላ ነው መሊካ የነገረቻት። መሊካ ኬብሉን በእጇ እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከአባቷ ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀን የቀለላት ጊዜ አልነበረም።

ከአምስት ቀን በኋላ የመስመሩ ምረቃ ዕለት መጣ። ነጋዴዎቹ፣ ሼሆቹና ከዞን መሥሪያ ቤቶች የተጠሩት እንግዶች በከሚሴው አዳራሽ ተሰብስበው ጀነት ከጨፋ ሮቢት የምትልከውን ምስል በትልቅ ስክሪን ሊያዩ ነው። እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት ሲሞከር ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ። መሊካ ምክንያቱን ወዲያው አወቀችው። ሁለቱን መንገዶች እኩል አድርጋቸው ስለነበር ግማሹ ጭነት በሬዲዮው ይሄዳል፤ በዚያን ጠዋት ደግሞ ከሸለቆው የተነሳ ነፋስ ኮረብታው ላይ ያለውን አንዱን ሳህን ያወዛውዘዋል። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሳህኑን ማጥበቅ፣ ከዚያም ፋይበሩን ፊተኛ፣ ሬዲዮውን ተጠባባቂ ማድረግ። ግን ጋሽ አቡበከርን ኮረብታ ለማስወጣት ጊዜ አልነበረም።

«ለዛሬ ብቻ ሬዲዮውን ዝም ማስባል አይቻልም?» አሏት አቶ ሙሀመድአሚን፤ ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። «ምሳ እስኪበሉ ድረስ ብቻ።»

ይቻላል። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። የከሚሴው ራውተር በሬዲዮው በኩል ‹አለሁ› ማለቱን እንዲያቆም አዘዘችው። ሬዲዮው አልጠፋም፤ መብራቱ እንደበራ ነው፤ ራውተሮቹ ብቻ በዚያ በኩል መነጋገር ተዉ። ኤሌክትሪክ ሄዶ ቢመለስ በእንግዶቹ ፊት እንዳይበላሽ ብላም ትእዛዙን ራውተሩ ላይ በቋሚነት እንዲቀር አስቀመጠችው። ምስሉ ጠራ። አንድ ሼህ ዱዓ አደረጉ፤ አሚን ተባለ፤ ተጨበጨበ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ አቡበከር ከኮረብታው ደወሉላት። «አጥብቄዋለሁ፤ አሁን በሬ ቢጎትተውም አይነቃነቅ።» እሷ በዚያን ሰዓት ባቲ ነበረች፤ ማኅበሩ ሊከፍተው ላሰበው ክሊኒክ ቦታ እየለካች። «አላህ ይስጥልኝ ጋሼ፣ ማታ አስተካክለዋለሁ» አለቻቸው። ማታ ደከማት። በማግስቱ ባቲ ላይ ሌላ ሥራ ጠበቃት። ከሚሴ ስትመለስ ደግሞ በየጠዋቱ የምታየው ስክሪን ላይ ሁለት አረንጓዴ መስመሮች ነበሩ፤ ፋይበር፣ ሬዲዮ። ስክሪኑ የሚያሳየው የመስመሩን መኖር እንጂ ራውተሮቹ በዚያ መነጋገራቸውን አልነበረም። ይህን መሊካ ታውቃለች። ለጀማሪዎች እንኳ ታስተምረዋለች። ግን አረንጓዴ ሲያይ የማያርፍ ዓይን የለም።

ከምረቃው ሃያ ሦስተኛው ቀን እሮብ ነበር፤ የጨፋ ሮቢት ገበያ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን አንደኛው መስመር ቀላ። መንገዱን ለማስፋት የሚቆፍር ኤክስካቫተር ፋይበሩን በጥሶት ነው። መሊካ ቀዩን አየችው፤ ከሥሩ ያለውን አረንጓዴም አየች፤ ደስም አላት። ይህን በኋላ ለማንም መናገር አልቻለችም። ደስ ነው ያላት። ተነስታ ወደ አቶ ሙሀመድአሚን ቢሮ ሄደች።

«ፋይበሩ ተበጥሷል» አለቻቸው። «ግን አያስቡ፤ በሬዲዮው ዞሮልናል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እሳቸው። «ያኔ እምቢ ብዬሽ ቢሆን ምን ይውጠን ነበር?»

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ሻይ አዘዘች። ከጨፋ ሮቢት አንድም ጥሪ አልመጣም። ገበያ ስለሆነ ጀነት ሥራ በዝቶባት ይሆናል አለች በልቧ።

አምስት ሰዓት ከሃያ ሲሆን አንድ ሰው በግቢው በር እየሮጠ ገባ። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ኸይሩ ይባላል፤ የከብት ነጋዴ ነው። ሚስቱ ሙሚና ጎህ ሲቀድ ቤት ውስጥ ሴት ልጅ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏታል። ገና አራት ሰዓት እንዳለፈ በቃሬዛ ተሸክመው ጀነት ዘንድ አደረሷት። ጀነት መድኃኒት ወጋቻት፣ ግሉኮስ ሰቀለችላት፣ ስልኩን አነሳች። ዝም። ሞባይሏን ሞከረች። ዝም። ብትንገላታ እዚያው መንገድ ላይ ታልቃለች ብላ ሙሚናን ከአልጋው አላነሳቻትም፤ ኸይሩን «ሂድ፣ አምቡላንሱን ከነደሙ ይዘህ ና» ብላ በባጃጅ ላከችው። ኤክስካቫተሩ ዘንድ ሲደርስ መንገዱ ተዘግቷል፤ የገበያ መኪናውና ከብቱ ተደራርቧል። ባጃጁን ትቶ በእግሩ ሮጠ፤ ከወዲያ ማዶ ሌላ ባጃጅ እስኪያገኝ ሮጠ።

አምቡላንሱ ደሙን ይዞ ወዲያው ወጣ፤ ኸይሩም ተሳፈረ። መሊካ ጠረጴዛዋ ፊት ቆማ ቀረች። «ስልክ አይሠራም» ብሏል ሰውየው። ስክሪኑ ላይ ሬዲዮው አረንጓዴ ነው። ወደ ራውተሩ ገብታ በሬዲዮው በኩል ያለውን ጎረቤት፣ የጨፋ ሮቢቱን ራውተር፣ ፈለገች። ጎረቤት የለም። ከዚያ ያችን የትእዛዝ መስመር አየቻት፤ በራሷ እጅ የጻፈቻትን፤ ያስቀመጠችበት ቀን ከአጠገቧ ተጽፏል።

አጠፋቻት። ከዚያ ጠበቀች። ደቂቃ ሳይሞላ ራውተሮቹ ተገናኙ፤ መንገዱ ተከፈተ። እንዲህ ቀላል ነበር። ስልኩን አንስታ ጨፋ ሮቢት ደወለች፤ ገና አንዴ ሲጮኽ ተነሳ።

«ዶክተር!» አለች ጀነት።

«እኔ ነኝ፣ መሊካ። ዶክተሩን ልጥራው።»

«ቶሎ በይ። እጄን አላነሳም፤ በእጄ ነው የያዝኩት። ቶሎ በይ።»

ሐኪሙ መጥቶ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፈተው። ማህፀኑን እንዴት እንደምትጫን፣ የቱን መድኃኒት እንደምትጨምር ይነግራት ጀመር። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሄዳል፤ የጀነትም ጥርት ብሎ ይመጣል። ከበስተኋላ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፤ ሙሚናም «በረደኝ» ስትል ይሰማል። አንድ አሮጊት ‹ያ ረቢ፣ ያ ረቢ› ይላሉ። መሊካ ከሐኪሙ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አንድም ቃል አልተቆረጠም። መስመሩ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ሠርቶ አያውቅም።

ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ጉዳይ ሲሆን ጀነት ዝም አለች። ሐኪሙ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራ። አሮጊቷ ለሞተ ሰው የሚባለውን «ኢና ሊላሂ» ሲሉ ሁሉም ሰማ። አምቡላንሱ በዚያን ሰዓት ከኤክስካቫተሩ ፊት ከብት እስኪነሳለት እየጠበቀ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጀነት ከሚሴ መጣች። የመሊካን ጠረጴዛ ከፊት ለፊቷ አድርጋ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አስተኝታቸዋለች።

«አሥራ አራት ጊዜ ነው ስልኩን ያነሳሁት» አለች። «አንድ እጄ እሷ ላይ ነው፤ በሌላው ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። አርባ ሰከንድ ብለሽኝ ነበር። ቆጠርኩ። መቶ አለፈ፤ እንደገና ቆጠርኩ። መሊካ፣ ሁለተኛው መንገድ የት ነበር?»

መሊካ ነገረቻት። ምንም አላስቀረችም፤ ሻይ ማዘዟን ሳይቀር ነገረቻት። ጀነት እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አልተቆጣችም። በበሩ ስታልፍ ትከሻዋ ከመቃኑ ጋር ሲጋጭ እንኳ ያወቀች አትመስልም ነበር።

አቶ ሙሀመድአሚን ግን ሲሰሙ በሩን ዘጉ።

«ለማን ለማን ነግረሻል?»

«ለጀነት።»

«ከእንግዲህ ለማንም አትንገሪ። ሪፖርቱ ‹በመንገድ ሥራ ምክንያት ፋይበሩ በመበጠሱ› ይላል፤ ይህም ውሸት አይደለም። እኔም ነኝ ዝጊው ያልኩሽ። ጥፋት ከሆነ የሁለታችን ነው።»

«እርስዎ እስከ ምሳ ነው ያሉኝ። ሃያ ሦስት ቀን ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

«መሊካ» አሉ ሽማግሌው፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ይህ ነገር ቢወጣ ገንዘብ የሚያዋጡት ሰዎች እጃቸውን ይሰበስባሉ። ጨፋ ሮቢት ይዘጋል። የዛሬ ወር የምትወልደዋ ሴት የት ትሄዳለች? እስቲ ንገሪኝ፤ የት?»

መሊካ የሪፖርቱን ወረቀት ሳትፈርም ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች።

በዘጠነኛው ቀን በሚኒባስ ጨፋ ሮቢት ወረደች። የኸይሩን ቤት ለመጠየቅ አልተቸገረችም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ለቅሶ ደራሹ ሳስቷል፤ ኸይሩ ከቤቱ ጎን ባለው ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። የሙሚና እናት ውስጥ ሕፃኗን እሽሩሩ ሲሉ ይሰማል።

«ነጋ ጅርታ?» አላት፤ እንደማንኛውም እንግዳ ደህንነቷን ጠየቃት። የክሊኒኩ ሠራተኛ መሆኗን ስትነግረው ምንጣፉን ጠጋ አደረገላት። «አላህ ይስጣችሁ። ያቺ አዋላጅ የምትችለውን ሁሉ አድርጋለች። ቀደር ነው፤ ቀኗ ነው። ምን ይደረጋል?»

መሊካ አልተቀመጠችም። «ወንድሜ ኸይሩ፣ የምነግርህ ነገር አለኝ» አለችው።

ነገረችው። ራውተር፣ ሬዲዮ፣ ትእዛዝ እያለች ስትጀምር እንዳልገባው አየችና አቋርጣ እንደገና ጀመረች። እሱ በጥሞና ያዳምጣል፤ በሣር ጭራሮ መሬቱን ይጭራል። ስትጨርስ ቀና አለ።

«እኔ ልንገርሽ፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ» አላት። «ሁለት መንገድ ነበራችሁ። አንደኛው ሲቆረጥ በሌላው ልትሄዱ ነበር። ሌላውን አንቺ ዘግተሽው ነበር። ልትከፍቺው ነበር፤ ረሳሽው።»

«አዎ።»

«ክፍት ቢሆን አምቡላንሱ መቼ ይመጣ ነበር?»

«ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት። መኪናውም ገና አልተደራረበም ነበር።»

«ትኖር ነበር?»

ዋሽታ ማለፍ እንደምትችል ያኔ ታያት። «ሐኪሙ ትተርፍ ነበር ይላል» አለችው።

ኸይሩ ጭራሮውን ሰብሮ ጣለው። እንዲጮኽባት፣ እንዲያባርራት፣ ለዘመዶቹ እንዲነግርባት ጠበቀች፤ ለዚያ ነበር የመጣችው። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው፤ ቤት ውስጥ ያሉት እንዳይሰሙት።

«ለምን ነገርሽኝ?»

«ሐቁን ማወቅ ያለብህ መስሎኝ ነው።»

«ዘጠኝ ሌሊት ቀደር ነው እያልኩ አድሬያለሁ። ለአላህ ሰጥቼ ጨርሼ ነበር። ትላንት ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። አሁን መጥተሽ ከአላህ እጅ አውጥተሽ መልሰሽ ሰጠሽኝ። እኔ ከእንግዲህ ምን ላድርገው? አንቺስ ቀለለሽ?»

«አልቀለለኝም።»

«እንግዲያ ለማንም አልበጀ።» በእጁ ወደ ቤቱ አመለከተ። «እናቷ እንዳይሰሙ። የልብ ሕመምተኛ ናቸው። በቀደር ያሉትን በቀደር ይኑሩበት። በአላህ ይሁንብሽ፣ ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ። በወረቀት ላይም እንዳይጻፍ። ወረቀት እየዞረ ይመጣል።»

«ጥፋቴን መጻፍ ነበረብኝ» አለች መሊካ።

«ይቅር ብዬሻለሁ ማለት አልችልም» አለ ኸይሩ። «ምናልባት አንድ ቀን። ይህን ግን ካደረግሽልኝ ይበቃኛል። ዝም በይ።»

ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ኸይሩ ተነስቶ ገባ፤ መሊካ ዛፉ ሥር ጥቂት ቆየች፤ የሚሸኛት ሰው እንደሌለ ሲገባት ወደ አስፋልቱ ወጣች። ኤክስካቫተሩ ሥራውን ቀጥሏል፤ አዲሱ ፋይበር በብርቱካንማ ቱቦ ውስጥ ተቀብሯል። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ሁለቴ «አብሽሪ ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» ብለው ጠየቋት፤ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

በማግስቱ አቶ ሙሀመድአሚን ቢሮ ገባች። ወረቀቱ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነበር። አላነበበችውም፤ ከታች ሙሉ ስሟን ጻፈችና ፈረመች።

«ምን ሆነሽ ነው ሐሳብሽን የቀየርሽ?» አሏት።

«ይሻላል ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋትና ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ጀነት ሥራ ለመልቀቅ ማመልከቷን ነገሯት፤ ምትክ እስኪገኝ አንድ ወር እንድትቆይ ለምነዋት እሺ ብላለች።

«የባቲው ክሊኒክ ዕቃ ገብቷል» አሉ። «የሁለቱም መስመር። ሌላ የሚያውቀው ሰው የለንም፤ አንቺው ነሽ።»

«አውቃለሁ» አለች መሊካ።

«መቼ ትሄጃለሽ?»

«ቅዳሜ።»